የሲቢሏ አውራ ጣት

ሦስት ማታ ሙሉ አንዲት የእግር አውራ ጣት ስሥል አመሸሁ። ጣቷ ማይክል አንጄሎ የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ በሚሥልበት ዘመን፣ ከ500 ዓመት በፊት፣ ሊቢያዊቷን ሲቢል፣ የጥንቷን ነቢይት፣ ለመሣል ሲሰናዳ በቀይ ጠመኔ የነደፋት ናት። ወረቀቱ ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መጠኑ በየቢሮው ከምናየው ኤ ፎር ወረቀት እምብዛም አይለይም። መሃሉ ላይ ጀርባውን የሰጠን እርቃኑን ያለ ወጣት አለ። ሲቢሏ ሴት ናት፤ ሞዴል ሆኖ የቆመላት ግን ወንድ ነው። ከሥሩ ፊቱ ለብቻው ተደግሟል፤ እጁም ተደግሟል፤ ከዚያ የግራ እግር ጣቶች፣ ከእነሱም አውራይቱ በተለየ ትኩረት። ሲቢሏ ትልቅ መጽሐፍ በሁለት እጇ እንደያዘች ወገቧን ጠምዝዛ ከመቀመጫዋ ልትወርድ ነው። ክብደቷ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ባት ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው እዚያች ጣት ላይ ነው።

የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ከወለሉ 20 ሜትር ያህል ይርቃል። ከታች አንጋጦ ያቺን ጣት ለይቶ የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ሰውዬው ግን አንዴ ነድፏት አልበቃውም።

የእኔይቱ በመጀመሪያው ማታ ድንች መሰለች። ስቄ ቀደድኳት። በሁለተኛው ማታ ጣት መሰለች፤ ችግሩ የጀመረውም ያኔ ነው። ድንችን ማንም አይቶ ያውቃል። ጣት የምትመስል ጣት ግን ዓይንን ታዘናጋለች፤ «በቃ ደረስኩ» ታሰኛለች። ከምቀዳበት መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል አጠገብ ሳስቀምጣት የእሱ ጣት ወለሉን ትጫናለች፤ የእኔዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ሰረዝ ነው። የትኞቹ ሰረዞች እንደሆኑ ለማወቅ ሦስተኛውን ማታ ጨረስኩ።

እዚያ ላይ እያለሁ እናቴ ስኒ ልታነሳ መጥታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች። «ይቺማ የእማማ እግር ናት» አለች።

ልክ ነበረች። አያቴ ዕድሜዋን አብዛኛውን በባዶ እግሯ የሄደች ሴት ነበረች፤ አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ተነጥላ ወደ ጎን ታጋድል ነበር። እኔ የፍሎረንሱን ሠዓሊ ጣት በጥንቃቄ እየቀዳሁ መስሎኝ፣ እጄ በልጅነቴ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ስመለከታት የኖርኩትን እግር እየሣለ ነበር። ስለዚህ ነገር ማሰብ ሳላቆም ይኸው ወራት አለፉ።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ሦስት ቃል አለው፤ ሦስቱም አይዋደዱም። አንዱ መኮረጅ ነው። ፈተና አዳራሽ ውስጥ አንገትን እንደ ሰጎን መስገግ፣ የጓደኛን ወረቀት በጨረፍታ መስረቅ ነው። ኮራጅ መልሱን ይፈልጋል እንጂ ወደ መልሱ የሚወስደው መንገድ ጉዳዩ አይደለም። ሁለተኛው መገልበጥ ነው። ልጆች ሳለን መምህሩ ሰሌዳውን በጠመኔ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፣ እኛ እንገለብጣለን፤ ዳስተሩን ሲያነሳ «ቲቸር ቆይ! አልጨረስንም!» የሚል ጩኸት ከኋላ ይነሳል። የገለበጥነውን የምናነበው የፈተና ሰሞን ነው፣ ካነበብነው። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌም ግልባጭ የሚባል ነገር አለ፤ የሚላክላቸው ሰዎች እንደሚያነቡት እርግጠኛ የሚሆን የለም።

ሦስተኛው መቅዳት ነው። ቅጂ የምንለው ከዚህ ነው፤ ውሃ መቅዳትም፣ ጠላ መቅዳትም፣ ድምፅ መቅዳትም። ወደ ምንጭ ወርዶ በያዙት ዕቃ ልክ ይዞ መመለስ። አንዱ በእንስራ፣ አንዱ በጀሪካን፣ አንዱ በቅል ይቀዳል፤ ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ቤት ሲደርስ ግን የእንስራ ውሃ አፈር አፈር ይላል፣ የጀሪካኑ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። የጥንት ሠዓልያንን ሥራ በጠመኔ መቅዳት ለዘመናት የሥዕል ትምህርት መጀመሪያ የሆነው ከሦስቱ በየትኛው ስሜት ነው? እንደ ተማሪው ይለያያል፤ የአንዱ ተማሪ እጅ እንኳ በአንድ ቀን ከሦስቱ ወደ ሦስቱ ሲዘል ይውላል።

ስለ ጠመኔው ትንሽ ልበል። የድሮው ቀይ ጠመኔ ከፋብሪካ የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ሄማታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ያቀላው ሸክላ ነው፣ ከመሬት ተቆፍሮ በቀጭን በቀጭኑ የሚጋዝ። ጥቁሩም እንዲሁ ከሰል መሰል ነገር የተቀላቀለበት ለስላሳ ድንጋይ ነበር። ላጲስ ባልነበረበት ጊዜ የሚያጠፉት በዳቦ ልብ ነበር፤ ጥቁሩ መጠነኛ ምሕረት አለው፣ ቀዩ ግን ወረቀቱ ውስጥ ይነክሳል። ብታሸው ሮዝ እድፍ ይተዋል። አንድ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝ የዛሬው ቀይ ጠመኔ ተሠርቶ የተጋገረ ቢሆንም ጠባዩን አልተወም። በእርሳስ የሚሥል ሰው መጀመሪያ ይዋሻል፣ ኋላ ያርማል። በቀይ ጠመኔ የሚሥል ሰው መስመሩን ከማውረዱ በፊት ረጅም ጊዜ ማየት አለበት፤ ከሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ጠመኔው ወረቀቱን የሚነካው ለአምስቷ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። የቀረው ማየት ነው። ስልኬ ውስጥ በየሙዚየሙ ድረ ገጽ ያገኘኋቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች ፎቶ አለ፤ ከእነሱ አንዱን እንኳ አይቼዋለሁ ብዬ መማል አልችልም። ጣቷን ግን አይቻታለሁ።

እንዲህ እየቀዱ ማየት የጀማሪ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ፒተር ፖል ሩበንስ ከአንትወርፕ ተነስቶ ጣሊያን የደረሰው በ1600 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ዕድሜው 23 ነበር፣ የተመሰከረለትም ሠዓሊ ነበር። ተማሪነቱን ጨርሶ ወጥቷል ማለት ነው። ሮም ሲገባ ያደረገው ነገር ግን የሲስቲንን ጣሪያ ከሥር ቆሞ በጠመኔ መቅዳት ነው፤ ነቢያቱን፣ ሲቢሎቹን፣ እርቃናቸውን የተቀመጡትን ወጣቶች። ከእነዚህ አያሌዎቹ ዛሬ ሉቭር ውስጥ አሉ። በማይክል አንጄሎ እጅ ሰውነት ከድንጋይ የተፈለፈለ ይመስላል፤ ሩበንስ ሲቀዳው ያ ድንጋይ ሞቅ ይላል፣ ደም ይዘዋወርበታል፣ ጥላው ውስጥ እንኳ ሥጋ አለ። ሆን ብሎ አሻሻለው? አይመስለኝም። ያየውን በታማኝነት ለማውረድ የሚታገል እጅ ነው የሚታየኝ። ሙቀቱ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ነው። ከዓመታት በኋላ ሩበንስን ሩበንስ ያሰኘው ግን ያው እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምለው። የራስ የሚባለው ነገር ሲፈልጉት የሚገኝ አይመስለኝም። ጀማሪ ሠዓሊ «የራሴን አሣሣል እፈልጋለሁ» ብሎ ሲነሳ የሚያወጣው የሁሉንም ሰው ድንች ነው፤ የእኔንም ጨምሮ። በአንጻሩ ፍጹም እንደ ሌላው ለመሆን በቅንነት የሞከረ ሰው አይሳካለትም፤ የጎደለው ነገር፣ የሳተው ሁለት ሦስት ሰረዝ፣ የእሱ መልክ ነው። ቅንነቱ ከሌለ ግን ጉድለቱ የስንፍና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሳያነጣጥር የሳተና አነጣጥሮ የሳተ አንድ አይደሉም፤ ጥይቱ አንድ ቦታ ቢወድቅም።

ይህን ብዬ ልዘጋ ነበር። የእናቴ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ምክንያቱም እኔ የሳትኩት ሰረዝ የእኔ አልሆነም፤ የአያቴ ሆነ። ከሲቢሏ ጣት በታች ሌላ ጣት ነበረች፣ ከዚያ በፊት ሳላውቅ የቀዳኋት። ታዲያ የራሴ የምለው ነገር ቀደም ብሎ የተቀዳና ከየት እንደተቀዳ የተረሳ ብቻ ቢሆንስ? ማይክል አንጄሎም ልጅ ሳለ ፍሎረንስ ውስጥ ከእሱ የቀደሙትን ሠዓልያን፣ ጆቶንና ማዛቾን፣ ይቀዳ ነበር፤ በብዕር የሠራቸው ቅጂዎች ዛሬም አሉ። አፍንጫው የተሰበረውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው፤ ልጆቹ የማዛቾን ሥዕል ከግድግዳ እየቀዱ በሚማሩበት በብራንካቺ ጸሎት ቤት ቶሪጃኖ የሚባል የትምህርት ጓደኛው በቡጢ መታው፣ ዕድሜ ልኩን በጎበጠ አፍንጫ ኖረ። ከአንድ ጀማሪ የማይጠበቅ ነው፣ ለቅጂ ሥራ ይህን ያህል መስዋዕት። ማዛቾስ ከማን ቀዳ? ከጆቶ። ምንጩ ጋ እደርሳለሁ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው መንገዱ ላይ የሚያገኘው ማድጋ የተሸከሙ ሰዎችን ነው።

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በዚህ ነገር ጥብቅ ነበር። ሠዓሊ የሌላውን ሠዓሊ ፈለግ ከተከተለ የተፈጥሮ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የልጅ ልጅ ይሆናል ብሎ ጽፏል። (ይኸው ሰው ጀማሪ በመጀመሪያ የጥሩ ሊቃውንትን ንድፍ ይቅዳ ብሎም ይመክራል፤ ሁለቱን አብሮ ማመኑ አይከፋም።) ታሪክ ግን ቀልድ ታውቃለች። ሊዮናርዶ በ1505 ገደማ ፍሎረንስ በሚገኘው ቬኪዮ ቤተ መንግሥት ትልቅ አዳራሽ የአንጊያሪን ጦርነት ግድግዳ ላይ መሣል ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ተወው። በ1560ዎቹ ሠዓሊው ቫዛሪ አዳራሹን ሲያድስ ሥዕሉ ጠፋ። ሩበንስ የተወለደው በ1577 ነው፤ አንድም ቀን ሊያየው አይችልም ነበር። እጁ የገባው ሌላ ስሙ ያልታወቀ ጣሊያናዊ የቀዳው ወረቀት ነው። ያንን ወስዶ በላዩ ላይ ሠራበት፤ አጠቆረ፣ አጎላ፣ ዳርና ዳሩን አሰፋ። ሰንደቁን ለመንጠቅ የሚተናነቁት አራት ፈረሰኞች፣ ፈረሶቹ እንኳ እርስ በርስ ሲነካከሱ፣ ዛሬ ዓለም የሊዮናርዶን ጦርነት የሚያስበው ከሞላ ጎደል በዚያ ወረቀት በኩል ነው። የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ ቤቱን አቆመለት ማለት ነው። ፕላቶ ሥዕልን ከእውነት ሦስት እርምጃ የራቀ ነገር አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ ይህቺ ወረቀት ስንት እርምጃ ትርቃለች ብሎ ቢቆጥር ጣቱ አይበቃውም። ፈረሶቹ ግን ይነክሳሉ።

ሩበንስ ንድፎቹን እስኪሞት ከእጁ አላወጣም። ሲናዘዝም ከወንዶች ልጆቹ ወይም ከአማቾቹ ሠዓሊ የሚሆን ቢገኝ እንዲማርባቸው ቶሎ እንዳይሸጡ አለ። ሥዕሎቹን ሳይሆን መማሪያውን። ሠዓሊ ከቤቱ አልወጣም፤ ተሸጡ።

እኛም ቤት ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባል የእመቤታችን ሥዕል አለች። በ1569 ኢየሱሳውያን እንዲያስቀዷት ፈቃድ አገኙ፤ ቅጂዎቹ ሚሲዮናውያኑ በሄዱበት ሁሉ ሄዱ፣ ወደ እኛም መጡ። ኢየሱሳውያኑ በ1630ዎቹ ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን ሮምን ሳያዩ፣ ቅጂን ከቅጂ እየቀዱ፣ ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለን የምንሳለማትን አደረጓት። እጆቿ እንደዚያችው ተደራርበዋል፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እንደዚያችው ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ ያለው መሐረብ እንኳ አልቀረም። ዓይኖቿ ግን ሰፉ። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ግራና ቀኝ ቆሙ። ሠዓሊው «የኢትዮጵያን አሣሣል ላምጣ» ብሎ የተቀመጠ አይመስለኝም፤ ሉቃስ የሣላትን አሳምሬ ልቅዳ ብሎ ነው የተቀመጠው። መሐረቡን ያስቀረውም፣ ዓይኖቿን ያሰፋውም ያው አክብሮት ነው።

ሌላኛው ቤታችን ግን ይከራከረኛል። ቅኔ ቤት የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ የሚመጣ ተማሪ አፍሮ ይመለሳል። ቅኔ አንዴ ይባላል፣ አለቀ። ያም ሆኖ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ ሳይከርም የራሱን አይቆጥርም፤ ዋሸራ የተማረው ከጎንጅ ተማሪ ጋር ሲገናኝም መንገዱ ወዲያው ይታወቅበታል። ቃሉ አዲስ ነው፣ መንገዱ የተቀዳ። ዜማ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ያሬድን የሚያዜም መሪጌታ ኮረጀ የሚለው የለም፣ አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ግን ሽማግሌዎቹ ቀና ይላሉ። ቫን ጎግ መጨረሻ ዘመኑ ላይ ሳን ሬሚ ሆስፒታል ተኝቶ የሠዓሊውን የሚሌን ሥራዎች በቀለም ሲቀዳ ይህንኑ ያስብ ነበር። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ የራሱን ሥራ የሌላውን ድርሰት ከሚጫወት ሙዚቀኛ ጋር አመሳስሎታል። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሠዓሊ ልሁን ብሎ ሲነሳ፣ የሻርል ባርግን የንድፍ መማሪያ ገጽ በገጽ ቀድቶ ነበር፤ በሞተበት ዓመት፣ በ1890፣ ያንኑ መጽሐፍ መልሶ ፈልጎታል። ወደ ሰሌዳው የተመለሰ ሰው።

ይህ ሁሉ ግን ለመቅዳት ጥብቅና መቆም እንዳይመስልብኝ። በጠመኔ የገደለ ትምህርትም ነበር። የፈረንሳይ ንጉሣዊ አካዳሚ በ1648 ተቋቋመ፤ በ1666 ደግሞ ሮም ቅርንጫፍ ከፍቶ ተማሪዎቹን በንጉሡ ወጪ እያኖረ ያስቀዳቸው ጀመር። ተራው ቁርጥ ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ከንድፍ፣ ቀጥሎ ከጂፕሰም ሐውልት፣ በመጨረሻ ሕያው ሰው። ብዙዎቹ ሁለተኛው ላይ ነፍሳቸው እንደ ጂፕሰሙ ነጭ ሆና የቀረች ይመስለኛል። ሠዓሊው ፍራጎናርም በዚያ ቤት አልፏል። ትምህርቱን ጨርሶ በ1761 ከአባ ሳን ኖን ጋር ወደ ፓሪስ ሲመለስ በየከተማው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት እየገባ በጥቁር ጠመኔ ቀዳ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶች። ፈጣን ናቸው፣ ሰረዛቸው ይሮጣል፣ አንዳንዱ የምሳ ሰዓት እንደደረሰበት ሰው ነው። ከአካዳሚው የታሸ ቅጂ ይልቅ እነዚህ ይበልጡብኛል። ግዴታ የለባቸውም፤ የወደደውን እየመረጠ ነው የቀዳው።

ከዚያ ዘመን ሠዓልያን አንድ ዘዴ ተምሬ በአራተኛው ማታ ሞከርኩት። በቀይ ጠመኔ የተሣለ ወረቀት ላይ እርጥብ ወረቀት አስተኝተህ ብትጫነው ሥዕሉ ተገልብጦ ይታተማል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ግልባጭ የሚለው ቃል ሁለቱንም ትርጉሙን በአንድ ጊዜ የሚያገኘው እዚህ ብቻ ይመስለኛል። ማተሚያ መኪና ስለሌለኝ ጣቷን በወረቀት ሸፍኜ፣ ወረቀቱን በሸማ ጠቅልዬ፣ በመዳመጫ ፋንታ የቡና ሙቀጫውን ዘነዘና አጋድሜ አንከባለልኩበት። እናቴ ምን እንደምሠራ አልጠየቀችም።

ሳነሳው የተገለበጠችው ጣት ፈዛዛ ሆና ወጣች፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትሄድ ሴት ጣት። የመጀመሪያዋን ስመለከት እሷም ፈዝዛለች። የበረታው ቀይ፣ ጣቷ ወለሉን የምትጫንበት ቦታ፣ ሦስት ማታ የፈጀሁበት፣ ግማሹ ተነስቶ ሄዷል። ጠመኔውን አንስቼ በየትኛዋ ላይ እንደምደግመው ሳልወስን ቡናው ሁለተኛ ደረሰ።